ብቻዬን ላለመብላት ወረታና ወንዛዬ ድረስ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ ዘመን የተነሣሁት ለሥራ አልነበረም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ከሸዋ ወደዚህ አገር ከተዛወርሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰው ጋር አንድ ማዕድ ቀርቤ አላውቅም። ሰው ሁሉ ያከብረኛል፤ ቤቱ ግን የሚጠራኝ የለም። ስለዚህ ወረታ የተማሪዎች ቴያትር አያለሁ፣ እሁድ ወንዛዬ ፍል ውኃ እታጠባለሁ አልሁ። እውነቱን ለመናገር ቴያትሩም ውኃውም ሰበብ ናቸው። የፈለግሁት አንድ ጊዜ ከሰው ጋር መብላት ነበር።

የጭነት መኪናው ላይ ተሳፋሪው በእህል ጆንያ ላይ ተደራርቦ ይሳሳቃል። እኔም ልወጣ እግሬን ባነሣ ሾፌሩ ከለከለኝ።

“ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎማ ጋቢና ነው የሚገቡ።”

ገባሁ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ አሁን ጓያና ሽምብራ ለብሷል። የርብን ወንዝ ስንሻገር ትልልቅ ላሞች መንገዱን ዘግተው አቆሙን። ከበላያችን ሳቁ አላቋረጠም። ምን እንደሚያስቃቸው ሾፌሩን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ወረታ

የገበያ ቀን ስለነበር ወይዘሮ አበጁ ምግብ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ደስ አለኝ፤ መቼም ከአንዱ ጋር ያስጠጉኛል ብዬ። ወይዘሮዋ ግን ገና ባርኔጣዬን ሲያዩ ብድግ አሉና እልፍኝ አስገቡኝ።

“እዚህ የሚረብሽዎ የለም፣ ጌታዬ።”

አንድ ብር የሚያወጣ ጥብስና አንድ ብርሌ ጠጅ ቀረበልኝ። በሩ ክፍት ነው። በደጁ ያለፈውን ሁሉ “እንብላ” አልሁት። ነጋዴው “ይብሉ ጌታዬ” ብሎ አለፈ፤ ቄሱ “ይባርክልዎ” ብለው አለፉ፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ እጅ ነሥቶኝ ሄደ። ጥብሱ መልካም ነበር። ግማሹን ተውሁት።

ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቴያትሩ ተጀመረ። መግቢያው ስሙኒ ነው፤ ለክፍሎቹ ቆርቆሮ መግዣ ይሆናል ተባለ። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተፋፍጎ ሲቀመጥ ለእኔ ከፊት ወንበር ወጣልኝ፤ በግራና በቀኜም ምናልባት ሹማምንት ቢመጡ ተብሎ ሁለት ወንበር ተጨመረ። ሹማምንት አልመጡም። ሙሽራይቱን የሚጫወተው ተማሪ ድምፁ የጎረነነ ነበርና “እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ አትዳሩኝ” ሲል ግቢው በሳቅ አወካ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሳቄን ላካፍል ወደ ጎን ዞር ብል ባዶ ወንበር ነው። ከዚያ በኋላ ቴያትሩ አልጣመኝም።

እሁድ፣ ወንዛዬ

በማለዳ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ የጉማራን ወንዝ ከተሻገርሁ በኋላ ወረድሁ። የቀረውን በእግር ነው የሄድሁት። ወንዶቹ ከሚታጠቡበት ልብሴን አውልቄ ገባሁ። ውኃው መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ኋላ አጥንት ያላላል።

ከአጠገቤ ጉልበቱን የሚያሽ ጠና ያለ ገበሬ ነበር። ሙጬ ይባላል፤ ባለቤቱ ከሴቶቹ ዘንድ ናት።

“አንተ፣ ምን ያኮማትርሃል? ዙር፣ ጀርባህን ልሽልህ” አለኝ።

አንተ ካለኝ ሰው ጋር ከተገናኘሁ ስንት ጊዜዬ! ዞርሁለት። ጀርባዬን እያሸ ስለ በሬው ሕመም፣ ስለ አማቱ ንዝንዝ አወራኝ። እኔም ስለ እናቴ ነገርሁት። ወዲያው ልቤ ሞቀ።

“ስንወጣ አገልግል አለን፤ አብረን እንበላለን” አለ።

ወጣን። እሱ ጋቢውን ደረበ፤ እኔ ሌላ ልብስ ስላልያዝሁ ካኪ ኮቴን፣ ከረባቴን፣ ባርኔጣዬን አደረግሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ።

“ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ አላወቅሁም ነበር።”

“ምን አጠፋህና?” አልሁት።

ባለቤቱ አገልግሉን ከፍታ ነበር። የፍትፍቱ ሽታ ከሩቅ ይጣራል። ሙጬ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ “እንብላ፣ ጌታዬ” አለኝ።

አፌ እንደለመደው “ብሉ፣ ይባርክላችሁ” አለ።

በወጋችን ለመጀመሪያው ግብዣ እሺ አይባልም። ጋባዡ “በሞቴ” ብሎ ይለምናል፤ ያኔ እንግዳው ይቀመጣል። እኔም የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና እያሰርሁ በሞቴን ጠበቅሁ። ሙጬ የባለቤቱን ፊት አየ። እሷም በሹክሹክታ፣ “ተዋቸው፤ የመንግሥት ሰው ናቸው። የእኛን ምግብ አይበሉም” አለችው። ሰማኋት። “ኧረ እበላለሁ” ለማለት አንድ እርምጃ እንኳ አያስፈልግም ነበር። አላልሁም። ተሰናብቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

አዲስ ዘመን የደረስሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ ሰውን ከእኔ የሚያርቀው ኮቴ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጠሩኝ ሁለተኛውን የምጠብቅ እኔም አለሁበት። የምኖርበት ግቢ ዘበኛ በሩን ከፍቶልኝ፣ “እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ምሳዎን የት በሉ?” አለኝ።

“ወንዛዬ፣ ሙጬ ከሚባል ወዳጄ ጋር” አልሁት።

“ተመስገን” አለ፤ ከልቡ ደስ ብሎት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም ነበር።