ሁለት ጣሳ ቅራሪ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እስከዚያም ቢሆን የጻፍኩት ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጥኩትን ብቻ ነበር። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ጭራሽ አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ልለው የሚገባኝ ሁሉ ትዝ የሚለኝ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው። የወንድሜ ሚስት ልጇን ይዛ ትመለስ አትመለስ በተወሰነበት ዕለትም እንዲሁ ሆነብኝ። አፌ እምቢ ካለ እጄ ይሞክር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ወንድሜ ግንበኛ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የእሱ እጅ ያረፈባቸው የድንጋይ ቤቶች ብዙ ናቸው። ድንጋይ ሲጠርብ ያየው ሰው፣ ይህ ሰው ይሰክራል ቢሉት አያምንም። ግን ይሰክራል። ከሥራ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር አረቄ ቤት ይገባል፣ አንድ መለኪያ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደጠጣ እሱም አያውቀውም። አይሳደብም፣ አይማታም። ዝም ብሎ ይጠፋል። ፊት ለፊታችን ተቀምጦም ቢሆን የለም።

ሚስቱ ጥላው የሄደችው ስለመታት አይደለም። ትንሿ ልጃቸው ታማ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄዶ ነበር። መድኃኒቱን ተቀብሎ ሲመለስ አረቄ ቤት ጎራ አለ። ሚስቱ ፍለጋ ስትወጣ ሕፃኗን አረቄ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የማታውቃት ሴት ጭን ላይ ተኝታ አገኘቻት። እሱ ውስጥ ነበር፤ መድኃኒቱም ኪሱ ውስጥ። ልጇን አዝላ ጋዝጊብላ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

እናቴ የነፍስ አባታችንን አስጠራች። ወንድሜ እያለቀሰ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። "ጠላም ሆነ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ፣ አንዲት ጠብታ ከከንፈርህ እንዳትደርስ ገዝቼሃለሁ" አሉት። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። የተገዘተበትን ያፈረሰ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላ ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ከልቡ ያምናል። መከራችንም የመጣው ከልቡ ስለሚያምን ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም ሳይቀምስ ከረመ። እናቴ ባየችው ቁጥር ትመርቀው ነበር። ከዚያ የሚካኤል ማኅበር ተራው ጎረቤታችን ጋ ደረሰ። ማኅበር ላይ ካህኑ የባረኩት ጠላ ለሁሉም ይዞራል፤ እምቢ ያለ ሰው በረከቱን እንደገፋ ይቆጠራል። እኔ ጓዳ ሆኜ አሳልፍ ነበርና ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ "እኔን ይለፈኝ" ሲል ሰማሁት። ወዲያው ቀልድ ተጀመረ።

"ምነው፣ መነኮስክ እንዴ?"

"ኧረ ተዉት! ሚስቱ ከጋዝጊብላ ሆና በስልክ ትጠብቀዋለች።"

አንድ ሽማግሌ ግን የምር ተቆጡ። "የመልአኩን ጠላ ነው የምትገፋው? ቅመስ እንጂ!"

የገዘቱት የነፍስ አባታችን እዚያው ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ሳይሰሙ ቀርተው ይሁን ወይስ ሰምተው ዝም ብለው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ያቺ ጉንጭ ዝንብ አታሰክርም። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ተከተልኩት።

"ፈረሰ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ግዝቱ ነዋ። አንዴ ከፈረሰ በኋላ አንድ ጉንጭ ሆነ አንድ ጋን ምን ልዩነት አለው?"

ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ አረቄ ቤት ሰነበተ። ያሠሩት የነበሩት ሰውዬ ሌላ ግንበኛ ቀጠሩ። እናቴ አለቀሰች፣ እንደገና ካህኑን ለመነች፣ እሱም እንደገና ተገዘተ። ከዚያ የሠራው ቤት ለጣሪያ የደረሰ ዕለት ባለቤቱ ጠላ አቀረቡ። የግንበኛ ወግ ነው፤ ግንቡን የጨረሰ ሰው ካልቀመሰ ለቤቱ ክፉ ተመኘ ይባላል። ቀመሰ። ፈረሰ። ጠፋ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሳይገዘት በፊት የሚጠጣው ከሥራ በኋላ ነበር። ግዝቱ ሲፈርስበት ግን ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣል፣ ምክንያቱም በእሱ ቤት የሚጠብቀው ነገር አልቀረም። ይህን ለእናቴ ልነግራት ሞከርኩ።

"እማዬ፣ የሚያባብሰው ግዝቱ ነው መሰለኝ።"

"አፍሽን ያዢ! ስንት ዘመን ዝም ብለሽ ኖረሽ አሁን ይህን ልትናገሪ ነው አፍሽ የተፈታው?"

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ሰፈራችን ትኖራለች። ውሃ ልንቀዳ ስንገናኝ ሰው እስኪርቅ ጠብቄ ጠየቅኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጠዋት ሳይጠጣ ሲቀር እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ነው። አይንቀጠቀጥም አልኳት።

"ቢንቀጠቀጥ ኖሮ እቤት አትሞክሩት፣ ወደኛ አምጪው እልሽ ነበር" አለችኝ። "አንዳንዱ ሰው ጨርሶ ካልተወ አይሆንለትም። አንዳንዱ ደግሞ በልክ ይዞት ይኖራል። ወንድምሽ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። አረቄውን ይተው። የሚጠጣውን እቤት፣ ከእህል ጋር፣ ልኩ ታውቆ ይጠጣ። ይህን ካልቻለ ያኔ ጨርሶ መተው ነው ያለው።"

ወንድሜን ያናገርኩት መሮውን ሲሞርድ አግኝቼው ነው። ከእሱ ጋር እንኳ ፊቱን እያየሁ አላወራም፤ መሮውን እያየሁ ነበር።

"አንድ ድንጋይ ጠሞ ቢገባብህ ግንቡን በሙሉ ታፈርሰዋለህ?"

"ድንጋዩን አወጣዋለሁ እንጂ ግንቡን ለምን አፈርሳለሁ?"

"ታዲያ አንድ ጉንጭ ስትቀምስ ለምን ሁሉንም ታፈርሳለህ?"

መሞረዱን አቆመ። "አንቺ ዝምተኛ! ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?" ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ተስማማን። ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝና ልኩም በእኔ እጅ ሆነ። ከራት ጋር ሁለት ጣሳ፣ ያውም ቅራሪ፤ ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ጨምረን የምናወጣው ቀጭኑ ማለቴ ነው። ረቡዕና ዓርብ ምንም የለም። አረቄ ጭራሽ የለም። ማኅበር ላይ በረከቱን ቀምሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛውን ጣሳ ሲጨርስ ተቀብዬ መደቡ ላይ በአፉ እደፋዋለሁ። በተደፋ ጣሳ ማንም አይቀዳም።

እናቴ ሳምንት አኮረፈችኝ። "እባብ እቤት አስገብተሽ ወተት በልክ ልትሰጪው ነው?" አለችኝ። ወሬው ውሃ መቅጃው ድረስ ደረሰ። ሴቶቹ ሲያዩኝ "እንዴት አደርሽ ኮማሪት! ዛሬስ ስንት ቀዳሽለት?" ይሉኛል። እንስራዬን ይዤ ቶሎ እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ሆኜ እመልስላቸዋለሁ።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም።

"አንድ ጨምሪ" ይለኛል።

"አልጨምርም።"

"ግማሽ።"

"አልጨምርም አልኩህ።"

"ይህ እኮ ውሃ ነው! አህያ እንኳ አይሰክርበትም።"

"ውሃ ከሆነ ምን ያስለምንሃል?"

አንዳንድ ቀን ተቆጥቶ ራቱን ጥሎ ይነሣል። ሰው ሰላም ለማለት የማፍር ልጅ፣ በታላቅ ወንድሜ ፊት ጣሳ ይዤ ስከራከር ራሴን እታዘበዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ አረቄ አረቄ እየሸተተ ገባ። እናቴ ደረቷን መታች። እኔም በልቤ አበቃ አልኩ። እሱ ግን መደቡ ላይ ተቀመጠና "ድንጋዩን አወጣዋለሁ" አለ። በማግስቱ ሥራ ሄደ፤ ሲመሽም ቀጥታ ቤቱ ገባ። ድሮ ቢሆን ሳምንት ይጠፋ ነበር። እናቴ የምታስታውሰው የአረቄውን ቀን ነው። እኔ የማስታውሰው ማግስቱን ነው። በዚህ እስካሁን አልተግባባንም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አየሁ። ሁለተኛውን ጣሳ ጨርሶ፣ እጄን ሳልዘረጋ ራሱ ይደፋዋል። አጋጣሚ መስሎኝ ነበር። አንድ ምሽት ሆን ብዬ ጓዳ ቆየሁ። ስመለስ ጣሳው ተደፍቷል፣ እሱ የሽሮውን ጥግ ይጠርጋል። በሌላውም ቀን እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ያቺን ጣሳ ከእኔ በቀር ያየ የለም።

በመጨረሻ ሽምግልናው ተቆረጠ። የነፍስ አባታችን፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና የሚስቱ አባት መጡ። እሷም ልጇን አዝላ መጣች፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ለሽማግሌ ቅራሪ አይቀርብም፤ ወፍራሙን ጠምቄ ነበር። እየዞርኩ ቀዳሁ።

"ልጄ፣ ነገሩ አጭር ነው" አሉት የነፍስ አባታችን። "እንደገና ትገዘታለህ፣ ሚስትህ ትመለሳለች።"

"አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልገዘትም" አለ ወንድሜ። "ብገዘት አፈርሳለሁ፣ ካፈረስኩ እጠፋለሁ። አረቄ ትቻለሁ። ሁለት ጣሳ ቅራሪ ከራት ጋር እጠጣለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። እውነቱ ይኸው ነው።"

የሚስቱ አባት ብድግ አሉ። "ይህ ሽምግልና ነው ወይስ ጠላ ቤት? ልጄን በሁለት ጣሳ ልትደራደርባት ነው?"

ይህን ሲሉ ጣሳቸውን ወደኔ ዘርግተው ነበር። ቀዳሁላቸው። "ጥሩ አድርገሽ ጠምቀሽዋል፣ ተባረኪ" ብለው መረቁኝና ወንድሜ አንዲት ጠብታ እንዳይነካ ማለታቸውን ቀጠሉ። ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ብጮህ ደስ ባለኝ። ወንድሜ ቅራሪ ስላልሆነ አንዷን ብቻ ጠጥቶ ጣሳውን ደፍቶታል። እፊታቸው ነው የደፋው። አንዱም አላየለትም።

"ቀጂዋ አንቺ ነሽ" አሉኝ የነፍስ አባታችን። "እስቲ ተናገሪ፤ እውነቱን ነው?"

ለዚህ ቀን ብዬ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ማኅበሩ ጉንጭ፣ ስለ ማግስቱ፣ ስለሚደፋት ጣሳ። ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"አዎ" አልኩ።

"ምን አለች?"

የሚስቱ አባት አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ "ዲዳ ናት እንዴ?" አሉ። ኽምጣኛ እሰማለሁ፤ የባሰ ተዘጋሁ።

ያኔ ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። የምታየው እኔን ነበር። "አረቄስ? ቀምሶ አያውቅም?"

"አንድ ጊዜ" አልኳት።

የሚያናድደኝ ይህችኛዋ ጥርት ብላ መውጣቷ ነው። "በማግስቱ ግን…" ልል ስጀምር ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ሰው አልነበረም። እስኪገዘት ድረስ ሚስቱ አባቷ ቤት ትቆይ ተብሎ ተወሰነ። የዚያ ሁሉ ምሽት ነገር ለአንዲት የአረቄ ቀን ተሸነፈ። ወንድሜ ተነሥቶ የሚስቱን አባት ጉልበት ስሞ ወጣ። አረቄ ቤት እንዳይሄድ ፈርቼ በበሩ አየሁት፤ ጓሮ ሄዶ መሮውን ይሞርድ ጀመር።

ሕፃኗን አዝዬ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አባቷ ቀድመው ገብተው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔና እሷ ውጭ ቀረን።

"ጨምሪልኝ ሲልሽ እንዴት ታደርጊዋለሽ?" አለችኝ።

"ጣሳውን እደፋዋለሁ።"

አሁን ንገሪያት፣ ራሱ እንደሚደፋው ንገሪያት እያልኩ ራሴን እጎተጉታለሁ። ረዳቱ "ጋዝጊብላ! ሞልቷል፣ ግቡ!" እያለ በሩን ይደበድባል። ልጇን ከጀርባዬ አወረደች፣ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ መስታወቱን ከፈተች።

"ስለ አረቄው ስላልዋሸሽኝ አንቺን አምኜሻለሁ" አለችኝ። "ግን አንቺም ነገ ታገቢያለሽ። አግብተሽ የሄድሽ ቀን ጣሳውን ማን ይደፋለታል?"