የሻምበሉ ሱሪ

ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ ዘነበች ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሠፈር ያለችውን ቤቴን ልታጸዳልኝ መጥታ የልብስ ሳጥኑን ስትከፍት የናፍታሊን ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከሥር ያቺ ካኪ ሱሪ ወጣች፤ እኔም ክራሬን ከጭኔ ሳላወርድ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያኔ የነቀምቴ ጎረምሳ ወይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፣ ወይ ገጠር ዘመድ ቤት ተደብቋል፤ ስለዚህ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን የሠርግ ጭፈራ ሲያሳይ ሙሽራ የሚሆን ወንድ ጠፋና ኃላፊያችን ከሴቶቹ ሁሉ ረዘም የምለውን እኔን መረጡ። ያቺን ካኪ ሱሪ እናቴ ራሷ በልኬ ሰፋችልኝ። በከሰል ጢም ተሳለልኝ፤ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ለምትሸፍነው ለሙሽራዋ ለጫልቱ በክራር ስዘፍንላት አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ፊታቸው የማይፈታው የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ለአንገር ጉቲን ሠፋሪዎች አሳይተን ስንመለስ ነው፤ አቧራ በጠገበው የጭነት መኪና ላይ ጫልቱ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ እያራሰች ጢሜን ስትጠርግልኝ ቆይታ «ጃለሌ ኮ» አለችኝ። በጨዋታው ውስጥ ለሙሽራው የምትለው ነው፣ «ፍቅሬ» ማለት፤ ግን ጨዋታው አልቋል፣ ተመልካችም አልነበረም። ፈራሁ፤ ዞር ብዬ የክራሬን ክር ማጥበቅ ጀመርኩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወንዶቹ ተመለሱ፤ የሙሽራው ቦታም ለባለቤቱ ተመለሰ። ጫልቱ ለጊምቢ ነጋዴ ተዳረች። በሠርጓ ላይ ክራር የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይጠራል?

እኔ በየመስከረሙ ሱሪዋን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ያዩ ጎረቤቶች፣ እጮኛዋ ግንባር ቀርቶባት ነው ያላገባችው አሉ። ዝም አልኩ። በወሬያቸው እጮኛዬ መጀመሪያ አሥር አለቃ ነበር፤ እኔ ሳረጅ እሱ እየተሾመ ሻምበል ደረሰ። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ሁሉ በእሱ ስም ተመለሱ፤ እናቶችም «ታማኝ ሴት ናት» ብለው ልጆቻቸውን ክራር እንዳስተምር ላኩልኝ። ያልኖረ ሰው ከለላዬም የእስር ቤት ዘበኛዬም ሆነ፤ ከቤቱ መውጣት አቃተኝ። ሴት እንደምወድ ለራሴ እንኳ ቃል አውጥቼ የተናገርኩት አርባ ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ ያውም በሩን ዘግቼ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ክራሬን አጠንክሬ እየመታሁ።

ዘነበች ሱሪዋን እንደ ታቦት መጎናጸፊያ በጥንቃቄ አጠፈች።

«እታለም፣ እባክሽ ለነዳያን እንስጥለት። የሻምበልም ነፍስ ትረፍ፣ አንቺም እረፊ።»

ጣቶቼ ክራሩ ላይ ቆሙ። እህቴን ባጣት ማን ይቀረኛል?

«ሻምበል የሚባል ሰው የለም፣ ዘኑዬ» አልኳት። «ሱሪዋ የእኔ ናት። ጫልቱን ስወዳት የለበስኳት ናት። ሰው ሚስቱን እንደሚወድ ነው የወደድኳት።»

ዘነበች ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱንም ዘጋች፤ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና ሱሪዋን ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። የሱሪዋ ወገብ የዛሬ ወገቤን ግማሽ አይሆንም።

«ጫልቱ ታውቃለች?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ቀድማ የነገረችኝ እሷ ናት» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልመለስኩላት።»