የአባቴ አክሲዮንና የአባ ቦሩ ላሞች

"ልጣለው ወይስ ይቀመጥ?" አለኝ ዛሬ ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ደምሴ። በእጁ የያዘው የሟች አባታችንን የወርቅ አክሲዮን ወረቀት ነው።



ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አንድ የውጭ ኩባንያ በነጌሌና በወደራ መሀል ወርቅ አገኘሁ አለ። ቆዳ ነጋዴው አባቴም አክሲዮን ገዛ። የመንግሥት ፈቃድ እስኪመጣ ወርቁ ያለበት ሸለቆ በእሾህ ታጠረ፤ ጠባቂው አባቴ ሆነ።

ፈቃዱ ግን አልመጣም። አባቴ በጭነት መኪና አዲስ አበባ እየተመላለሰ "ገና አልተፈረመም" ይባል ነበር። (በኋላ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በስሙ ይጠራው ጀመር። ከመንግሥት ያተረፈው እሱን ብቻ ነው።)

ከዚያ ዝናብ ጠፋ። ጎረቤታችን ከብት አርቢው አባ ቦሩ ደጃችን መጥተው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ።

"አካም፣ አባ ደምሴ። ሣሩ እዚያ አጥር ውስጥ ቆሞ ላሞቼ እየወደቁ ነው። ይክፈቱልኝ።"

"በዚህ ሳምንት ይፈረማል፤ ትንሽ ይታገሡኝ" አላቸው አባቴ።

አልተቆጡም። "ናጋ ይሁን፣ ሰላም ይሁን" ብለው ሄዱ።

ሳምንቱ ወራት ሆነ። ኩባንያው መጠበቅ ሰልችቶት ድንኳኑን ነቀለ። አባቴ አጥሩን በገዛ እጁ ሲያፈርስ ሣሩ እንደቆመ ደርቋል፤ ከአባ ቦሩ ላሞች አንዲትም አልተረፈችም።

አባቴ እስኪሞት ድረስ መንግሥትን ሲረግም ኖረ። አባ ቦሩን በሩቁ ካየ ግን መንገድ ይቀይር ነበር።

ደምሴን "አስቀምጠው" አልኩት። ወረቀቱ ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን አባ ቦሩ ናቸው።

እስቲ ንገሩኝ፤ በእናንተስ ቤት ሣጥን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስሙ ያልተጻፈው ማን ነው?