ሦስተኛው ጥያቄ

ስርጉት ጠዋት ቢሮዋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታነበው የማታውቃቸው ሰዎች በየስልካቸው የጻፉትን ነው። ቢሮ ያልሁት ለወጉ ያህል ነው እንጂ ቢቸና ገበያው ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በግማሿ እኔ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፣ በግማሿ እሷ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች። ወለተ ገብርኤል እባላለሁ፤ በዕድሜ ስለምበልጣት እትየ ትለኛለች። ቶሎ የምቆጣ ሰው መሆኔን ራሴም አውቃለሁ። ይህንንም የምጽፈው መንደርተኛው ስለ እሷ የሚያወራው ስላናደደኝ ነው። ልቧ ድንጋይ ነው ይሏታል።

ድሮ የኮምፒውተር አስተማሪ ነበረች። ባሏ ምንይሉ ደግሞ የፍየል ቆዳ እየገዛ ሞጣ ለመሪጌታ አካለ ወልድ ያደርስ ነበር። መሪጌታ ቆዳውን ወጥረው ፍቀው ብራና ያደርጉትና ዳዊት ይጽፉበታል፤ ሦስት ጸሐፊዎችም አብረዋቸው ይሠራሉ። ገዢ እየጠፋ ሥራው ሊዘጋ ሲል፣ ሚስቴ በኢንተርኔት ታስተዋውቅልዎታለች ብሎ ያገናኛቸው ምንይሉ ነው።

የማስታወቂያው ነገር እንዲህ ነው። ሰው ጉግል ላይ ገብቶ የሆነ ነገር ሲፈልግ፣ ከጻፈው ቃል ጋር የሚሄድ ማስታወቂያ ከላይ ይመጣለታል። ማየት በነጻ ነው። ሰውየው ከነካው ግን፣ ይግዛም አይግዛም፣ ከአስተዋዋቂው ሒሳብ ይቆረጣል። ክፍያውን አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ኃይለ ሚካኤል በካርዱ ይፈጽማል፣ መሪጌታ ይተኩለታል። እንግዲህ የስርጉት ሥራ ገዢ የሚጽፈውን ቃል መምረጥና የማይገዛው እንዳይነካው ማገድ ነው።

መጀመሪያ አልሆነላትም። «ዳዊት» ብላ ብታወጣው ዳዊት የሚባል ጓደኛውን የሚፈልግ ሁሉ ነካው። «የጎጃም ብራና ጸሐፊ» ብትለው ደግሞ ባሰ። ጎጃምና ብራና አንድ ላይ ሲጠሩ አገሬው ወዲያው የሚያስበው ድግምት ነውና የመሪጌታ ስልክ ሥራ በዛበት። አንዱ የሄደች ሚስቱን እንዲመልሱለት ይለምናል፣ አንዷ የጎረቤቷን ሱቅ እንዲያዘጉላት። አርባ ዓመት ሙሉ ዳዊት የጻፉ ሰው ናቸው። ጠንቋይ አደረገችኝ ብለው ላኩባት። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን ያን ዕለት ተቀምጣ የታገዱ ቃላት ዝርዝር አወጣች፦ መስተፋቅር፣ ድግምት፣ ጥንቆላ፣ ገበያ መሳቢያ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ባለበት ጠዋት ሁሉ የነኩት ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደመጡ ታነባለች፣ የማይገዙበትንም ቃል ወደ ዝርዝሩ ታስገባለች።

በመጨረሻ የሚያዋጣውን አገኘችው። «ለሙት ዓመት መታሰቢያ የብራና ዳዊት» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ጥቂት ናቸው፣ ግን የሚፈልጉትን አውቀው የሚመጡ ናቸው፤ ሃያ ሰው ቢነካው አንዱ ያዝዛል። ሩቅ አገር ሆነው ለእናታቸው ወይም ለአባታቸው ነፍስ ለትውልድ ደብራቸው መጽሐፍ የሚሰጡ ናቸው። መሪጌታ አራተኛ ጸሐፊ ቀጠሩ።

ከዚያ አንድ ስህተት ተሠራ። በብራና መጽሐፍ ውስጥ በየጸሎቱ መጨረሻ የተሠራለት ሰው የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባል። በሕይወት ካለ ጠብቀው ተብሎ ይጻፍለታል፣ ካረፈ ነፍሱን አሳርፍ። ገዢ በኢንተርኔት የሚሞላው የስርጉት ማዘዣ ቅጽ የሚጠይቀው ግን ስሙንና ደብሩን ብቻ ነበር። አንዲት ሴት ለአባቷ አዘዘች፤ መሪጌታም ለሙታን መጻፍ እጃቸው ለምዶ ኖሮ ከዳር እስከ ዳር ነፍሱን አሳርፍ ብለው ጨረሱት። መጽሐፉ ደብረ ወርቅ ሲደርስ አባትየው ራሳቸው በእንግዳ ፊት ገልጠው አነበቡት። ገና አልሄድሁም በሏቸው ብለው መለሱት። ጸሐፊዎቹ ቀዩን በምላጭ ሲፍቁ ስምንት ቀን ፈጀባቸው።

ስርጉት ቅጹ ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ጨመረች፦ መጽሐፉ በሕይወት ላለ ሰው ነው፣ ወይስ ላረፈ? ሳይመለስ ከታለፈ በቀይ «ይህ ሳይሞላ አይላክም» የሚል ይወጣል። መሪጌታም ከእንግዲህ ከልጃቸው እንኳ ቢሆን በቃል ትዕዛዝ ላይቀበሉ ማሉ።

ምንይሉ የጠፋው ይህ በሆነ በዓመቱ፣ በኅዳር ነው። ሠላሳ ቆዳ አስጭኖ ወደ ሞጣ ወጣ። ደብረ ወርቅ ምሳ በልቶ ደወለላት። ሞጣ አልደረሰም፤ መኪናውም፣ ሾፌሩም፣ ቆዳውም አልደረሱም። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር፤ አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም። ፎቶውን በራሷ ማሽን አባዝታ እስከ ግንደወይን፣ እስከ መርጡለ ማርያም ለጠፈች። በወሩ ተመልሳ ማሽኗን ከፈተች።

አላለቀሰችም። ጥቁር አልለበሰችም፣ ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ምን በላሽ ቢሏት ግን አታውቀውም። አንድ ቀን ብስጭቴ ገንፍሎ ጮህሁባት፣ ሰው አይደለሽም ወይ አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እትየ፣ ምንም አይሰማኝም። እንዲሰማኝ ብሞክርም አይመጣም» አለችኝ። አፈርሁ። የሰውን ቁስል በቁጣ የነካሁ መሰለኝ፣ እሷ ግን ያ እንኳ አልተሰማትም።

ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። በሳምንቱ ማስታወቂያውን ከነኩት አርባ ሦስቱ የጻፉት ተመሳሳይ ነገር ነበር፦ የጠፋ ሰው የሚያገኝ ደብተራ፣ የጠፋ ባል በጸሎት፣ የጠፋ ልጅ። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ «የጠፋ» የሚለውን ቃል ከታገዱት ጋር ጻፈችው።

«እነዚህ አይገዙም» አለችኝ። «የሚፈልጉት ሌላ ነው።»

በዚያ ወር ወጪው በሲሶ ቀነሰ፤ መሪጌታ ደውለው መረቋት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቷን ማየት አልቻልሁም፤ ፈራኋት።

በጥቅምት አማቷ ወይዘሮ ሰገነት ከሞጣ መጡ። ሁለተኛ ዓመቱ ሳይሞላ የልጃቸው ተዝካር እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ጊደራቸውን ሸጠው በስሙ ዳዊት ሊያሠሩለት መሪጌታ ዘንድ ሄደው ነበር። መሪጌታ ደግሞ በመሐላቸው ጸንተው፣ በስርጉት በኩል በቅጹ ይምጣ ብለው መለሷቸው። እዚያው ሰፈር ላሉ አሮጊት ይህን ማለታቸው አንጀቴን አቃጠለው። ሴትዮዋ የኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አደረጉ።

«ልጄ፣ የምቀብረው የለኝም» አሏት። «ስሙ የሚጠራበት ነገር እንኳ ይኑረኝ።»

እሺ እማየ ብላ ቅጹን ከፈተች። የክርስትና ስም፦ ኃይለ ጊዮርጊስ። ደብር፦ ሞጣ ጊዮርጊስ። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ያረፈ ብላ ከነካች በገዛ ጣቷ ባሏን ገደለችው። በሕይወት ያለ ካለች ደግሞ ጊደራቸውን የሸጡ እናት ያለ መታሰቢያ ይመለሳሉ። ሁለቱንም ሳትነካ «ላክ» የሚለውን ነካች። ይህ ሳይሞላ አይላክም አላት። ደገመች። ያው ነው። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ የራሷ ቀይ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ መለሳት።

ወይዘሮ ሰገነት ማንበብ አይችሉም። ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። በሕይወት አለ ወይስ አርፏል ይላል አልኋቸው።

ስርጉት ቅጹን የሠራችበትን ገጽ ከፍታ መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ ከሁለቱ መልሶች ሥር ሌላ መልስ ገብቶ ነበር፦ «አይታወቅም»። እሱን ነካችው። ተላከ።

ያደረገችውን ለአሮጊቷ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እኔስ መቼ አወቅሁ» አሉ። ተዝካሩን ከዚያ በኋላ አላነሱትም።

በሳምንቱ መሪጌታ ደወሉ። ስልኩን ድምጹን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ስሙን በቀይ ጻፍሁት» አሉ። «ከስሙ ቀጥሎ በየጸሎቱ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ትቼለታለሁ። ስታውቂ ንገሪኝ፣ እሞላዋለሁ። እኔ ባልኖር ጸሐፊዎቹ ይሞሉታል።»

ዘግታ ወደ ታገዱት ቃላት ገባችና «የጠፋ» የሚለውን ከዝርዝሩ አወጣችው። አዲስ ማስታወቂያም ጻፈች፦ ያለበት ለማይታወቅ ሰው የብራና ዳዊት። አይገዙም ብለሽ የለም ወይ አልኋት። ቅጹ ላይ የሚመልሱበት ቦታ አልነበራቸውም አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሰው ነካው እንጂ የሚያዝዝ አልመጣም። ወጪው ጨመረ። ኃይለ ሚካኤል ደውሎ ምን ነካሽ፣ አግጂው አላት፤ እስከ ወሩ ታገሠኝ ብላ ዘጋችው። እኔም አብሬ የወንድሟን ገንዘብ መጨረሷ ነው እያልሁ ሳጉረመርም ከረምሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ትዕዛዞቹን አትማ ወደ ሞጣ ልትልክ አስተካከለች። አራቱን ለብቻ አድርጋ ይዛ ወደኔ መጣች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አራቱም የመለሱት አንድ ነው። ስሞቹን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ ሀብተ ሥላሴ። ወለተ ሐና። ወልደ ሰንበት። አራተኛውን ሳትጠራ ወረቀቶቹን ደብተሮቼ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አምስት ነን፣ እትየ» አለችኝ።

ከዚያ አለቀሰች። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት፣ መንደርተኛው እንዳያይብኝ።