የአዛናው ከፍታ መለኪያ

አዛናው ኮኪት ከተማ ውስጥ የትራክተር ኤሌክትሪክ ይሠራል። ባትሪ የሞተበት፣ ዲናሞ የተቃጠለበት ሁሉ ደጁን ይጠናል። ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነው። አብራሪ መሆን ያምረው ነበር፤ አንድ ዓይኑ በልጅነቱ ስለጠፋ አልሆነለትም። አልሆነም ብሎ የሚተው ሰው ደግሞ አይደለም። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ አውሮፕላን የሚያስነዳ ጨዋታ ጫነበት፤ ከዚያ ከተጣሉ የትራክተር ነዳጅና ሙቀት መለኪያ ጌጆች ፍጥነት መለኪያውን፣ ኮምፓሱን፣ ከፍታ መለኪያውን እየሠራ አንድ ሰሌዳ ላይ ደረደረና ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ አገናኘው። ቁጥሮቹን በእጁ ጻፈ። ስድስት ዓመት ፈጀበት። ሚስቱ ወይዘሮ አሰበች ሰሌዳውን «ጣውንቴ» ትለዋለች፤ አልተሳሳተችም።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጨዋታው ላይ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ የከፍታ መለኪያው ጠቋሚ ይለግማል፤ በጣት ካልመቱት ንቅንቅ አይልም። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ሞተሩ ስለሚያርገፈግፈው አይጣበቅም። አዛናው ይህን ሲረዳ ብቻውን ጨፈረ። ሲዞር እንዲያርገፈግፍ ጠርዙ ላይ ብሎን የታሰረበት ትንሽ ሞተር ከሰሌዳው ጀርባ ገጠመ። ሰሌዳው ደግሞ የተቸነከረው የቤቱ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነሳው። ጠቋሚው ያለ አንዳች ማንገራገር ወጣ፤ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ጫማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቆርቆሮው በሙሉ እያጉረመረመ መሆኑን ልብ አላለም።

ከግድግዳው ወዲያ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃም የመጡ ባልና ሚስት፣ ደሴና ባየሽ፣ አረፍ ብለው ነበር። የድሮን ድምፅ ከአገራቸው ያውቃሉ። ባየሽ «ሩጥ! መጣብን!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ግር ብሎ ሲወጣ ደሴ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ሰሊጥ የጫነው መኪና ሊቆምለት አልቻለም።

አዛናው ጩኸቱን ሰምቶ ሞተሩን አጠፋ። ድምፁ ቆመ። ውጭ ያለው ሰው ሰማይ ሰማዩን እያየ «ድሮኑ ሄደ፣ ሄደ» አለ። ያኔ ገባው።

አሰበች በሩን ዘጋች። «ትንፍሽ እንዳትል! ይኸን ያየ ሁሉ የድሮን መንጃ ነው ይላል። ማን ያተርፍሃል?» ውሸቷን አልነበረም። አዛናው ፈራ፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር።

በደሴ ሠልስት ባየሽ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አዛናው አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ድምጿ ተዘግቷል።

«ጋሽ አዛናው፣ ያን ለት ከግድግዳው ወዲያ እርስዎ ነበሩ። አንዳንዱ ሰው ሰማይ ላይ ምንም አላየንም ይላል። ሩጥ ያልሁት እኔ ነኝ። እንዲያው በከንቱ ከሆነ የገደልሁት እኔው ነኝ። ድሮን ነበር አይደል?»

እውነቱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱም፣ ጥፋቱ የሱ ነውና፣ ውሸቱም ያሳርፋታል፤ ውሸቱ ግን እሱንም ያድነዋል።

«ነበር» አላት። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ባየሽ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «የደሴ እናት ስትጠይቀኝ ምስክሬ እርስዎ ነዎት።»