ዛሬ ሰኞ የአስካለ ድምፅ አልመጣም

እስቲ አንድ ሰው ውሸት ነው ይበለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። ይቺን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጻፍኳት፣ ሦስት ጊዜ አጠፋኋት። ከጠባሴ ተነስቼ መሀል ከተማ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም።

አስካለ ሞተች። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሸጠ፣ የገዛ፣ የተከራየ ሁሉ የሚያውቃት፣ የእኛ የደላሎቹ አንጋፋ፣ የጎረቤላዋ የቄስ ልጅ አስካለ።

ለማታውቋት፦ ዘወትር ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በደላሎች የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ ትልክልን ነበር። አንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዱ አስር። እየተራመደች ነው የምትቀዳው። ትንፋሿ ይሰማል፣ ከኋላዋ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። መቀመጥ አትወድም፤ ሻይ አዝዛ ሳትጨርስ ነው የምትነሳው። አንቱ ስንላት ደግሞ «ተዉ፣ ታስረጁኛላችሁ» ትለናለች።

መጀመሪያ ስለ ሥራ ታወራለች። ደንበኛ አትዋሹ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ያፈሳል በሉ። ከዚያ ወደየቤታችን ትገባለች። «ልጅህ ታሟል እንበል። ደንበኛ ከአዲስ አበባ ደወለ። ምን ትለዋለህ? ነገ ና በለው እንጂ! ቤት እግር የለውም። እግር ያለው ሰው ነው።»

ይቺን አባባሏን ስንት ሰኞ ሰማኋት። እየሰማሁ ጫማዬን አስራለሁ፣ እየሰማሁ ከቤት እወጣለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ፣ አንድ ማክሰኞ ደወለችልኝ። «አንድ ቤት አብረን እንይ፣ ቶሎ ና» አለችኝ። ሥራ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከፊት ከፊቴ እየመራች ወሰደችኝና አንድ በር ላይ ቆመች። የራሴ በር ነው።

«ምን ሆነሽ ነው? ይሄ እኮ የእኔ ቤት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። እንደ ደንበኛ ቁጠረኝና አሳየኝ። ውሃ በስንት ቀን ይመጣል?»

«በሦስት ቀን።»

«ቧንቧው ከተበላሸ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሚስትህ ከጎረቤት በጄሪካን ትቀዳለች። የሚያስቀዳት ሰውዬ ማን ይባላል?»

ማታ ስገባ በርሜሉን ሞልቶ ነው የማገኘው፤ ማን እንደሞላው ጠይቄ አላውቅም። የሰፈሩን የቤት ባለቤት ሁሉ በስም የምጠራ ሰው፣ አጥር የምንጋራውን ጎረቤቴን ስም አጣሁት።

ተናደድኩ። «በቤቴ ምን አገባሽ!» ብዬ ጮህኩባት። መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ አየን።

እሷ አልተቆጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስከ ዛሬ የደንበኛ ምስጢር አውጥቼ አላውቅም» አለችኝ። «ዛሬ አወጣሁ። ትናንት አንዲት ሴት መጥታ ለእኔና ለልጄ የምትሆን አንድ ክፍል ፈልጊልኝ አለችኝ። ትዕግስት ናት። ሚስትህ።»

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንድ ሳምንት ስጪኝ ብያታለሁ» አለች። «አንድ ክፍል ለማግኘት እኔ ሳምንት እንደማይፈጅብኝ ታውቃለህ። ሳምንቱ ያንተ ነው።»

ይሄን ብላኝ ሄደች። ደንበኛ እየጠበቃት ነበር።

የዚያን ሳምንት ነገር ሁሉንም አልጽፈውም። ቧንቧውን አሠራሁ፤ እሱ ቀላሉ ነበር። ትዕግስት ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «አንተ ስትገባ ልጅቷ እንግዳ የመጣ ይመስላታል» አለችኝ። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ሳምንቱ ሲሞላ ለአስካለ ደውላ «ክፍሉ ለጊዜው ይቆየኝ» አለቻት። ይቆየኝ ነው ያለችው። ይቅርብኝ ለማለት ዓመት ፈጅቶባታል።

ዛሬ ጠዋት የአስካለ ድምፅ ሲዘገይ ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። ለትዕግስት ስነግራት ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ ነው ወደ ልቅሶ ቤት የሮጠችው።

እዚያ የአስካለ ባል እጄን ይዞ የነገረኝ ነገር ነው እረፍት የነሳኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሷን ሲያማት ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላት «እነዚህን ሰዎች ቤት ላስገባቸውና» ትለዋለች። ሰዎቹ ተፈናቅለው መጠለያ ጣቢያ የከረሙ፣ ስድስት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው። ልጅ የበዛበት ተከራይ አንፈልግም ያላላቸው አከራይ የለም። ቅዳሜ ቤት አገኘችላቸው። እሁድ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስትደርስ አልቆ ነበር።

እኔ ደግሞ ሐሙስ ዕለት አግኝቻት ነበር። ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አስራ ጫጫ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ።

«ምነው?» አልኳት።

«ራሴን» አለችኝ።

«አይዞሽ» ብዬ አለፍኩ። ቀጠሮ ነበረኝ።

አስካለዬ፣ ስንቱን ከመንገድ መለስሽ። አንቺን ግን ክንድሽን ይዞ ከዚያ ሚኒባስ ያወረደሽ ሰው የለም። እኔ መሆን ነበረብኝ። ይሄን ከአንቺ ሌላ ለማን እንደምናገረው አላውቅም።

ነገ አባትሽ ባገለገሉበት ደብር፣ ጎረቤላ እናሳርፍሻለን። ትዕግስትም ትመጣለች፣ ልጄም ትመጣለች። ልጄ በቅጡ አታውቅሽም። ማን እንደሆንሽ መንገድ ላይ ልነግራት አስቤያለሁ፣ ከየት እንደምጀምር ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

ቤቴ ሰው ያለበት በአንቺ ነው። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።