በባጫ ዓይን ልክ

ባሌ ባጫ፣ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የቦይለር ጌጅ፣ ያን የእንፋሎት መለኪያ፣ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ጌጅ ያልመሰከረለትን ነገር አያምንም። ደመናው አናታችን ላይ ተኮልኩሎ "ዝናብ ሊመጣ ነው" ስለው፣ "ማን ለካው?" ይለኛል። እግዜር ያሳያችሁ!

ጡረታ ወጥቶ አርሲ ነገሌ፣ እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ከገባን ወዲህ ግን ሰውየው ሟሸሸ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ ዋለ። "ሰርክአዲስ፣ እኔ እኮ አልቆልኛል" ሲለኝ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ስለዚህ "ሦስት መቶ ጫጩት ላሳድግ ነው" ሲለኝ፣ ያለችን ጥሪት ሁሉ ልትገባበት እንደሆነ እያወቅሁ እልል አልኩ። ካለቁበት ግን እሱም አብሯቸው እንደሚያልቅ ይገባኝ ነበር።

ክፍሉን ራሱ አዘጋጀ። ሰጋቱራ አነጠፈ፣ ቀያዮቹን የማሞቂያ አምፖሎች ዝቅ አድርጎ ሰቀለ፣ ከአዳማ ደግሞ ሙቀት መቆጣጠሪያ ገዝቶ መጣ። ሙቀቱ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ አምፖሎቹን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያበራል፤ መብራት በከንቱ አይነድም። ሙቀቱን የምትለካዋን ሽቦ ቁጥሩ ከሚታይበት የመቆጣጠሪያው ሳጥን ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ልክ በዓይኑ ትክክል በፕላስተር ለጠፋት።

"ጫጩቶቹ ያሉት መሬት ነው፤ ዝቅ አታደርጋትም?" አልኩት።

"ጌጅ የሚሰቀለው በዓይን ልክ ነው! አንቺ ደግሞ!"

ጫጩቶቹ በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቀን ማታ ገቡ። አምፖሎቹ ሲበሩ አደሩ፣ ጫጩቶቹም ደህና አደሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስታግለው አምፖሎቹ ቀጭ ብለው ጠፉ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ጫጩቶቹ ወደ አንድ ጥግ ተሯሯጡ፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ተከመሩ። ጩኸታቸውስ!

"ባጫ፣ በርዷቸዋል! ከሥር ያሉት ታፍነው ሊሞቱ ነው!"

"ሠላሳ ሦስት ነው፤ እይው።"

"ቁጥሩን ተወውና እነሱን እያቸው!"

"እኔን ራሴን አልቦኝ የለ እንዴ? አዲስ ቦታ ሆኖባቸው ነው፤ ይለምዳሉ።"

እውነትም ግንባሩ አልቦታል። ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት የሱን ዓይነቱን ነው፤ ወይ ፍንክች! ክምሩ እያደገ፣ ጩኸቱ ግን እየቀነሰ ሄደ። ያ ዝምታ አስደነገጠኝ። ዘልዬ ሽቦዋን ከነፕላስተሯ መነጨቅኋት።

"ዲሲ! ተዪ ብዬሻለሁ!" ሲቆጣ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። እጄን ጨመደደው። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም፤ ፈራሁት። ቢሆንም በሌላው እጄ ሽቦዋን ወለሉ ላይ ጣልኳት።

ሁለታችንም ሳጥኑ ላይ አፈጠጥን። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። አምፖሎቹ ቦግ አሉ። ቁጥሩ ግን መውረዱን አልተወም፤ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አንድ።

እጄን ለቀቀኝ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያው ተንበረከከና ክምሩን በሁለት እጁ ይበታትን ጀመር። የላይኞቹ ወደ አምፖሉ ሮጡ። ከሥር ያሉት አልተነሡም። ሠላሳ ሰባት ነበሩ፤ አንድ በአንድ አወጣቸው።

"ቆሜ እያየሁ ገደልኳቸው" አለ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

ከመጨረሻዎቹ አንዷ እግሯን አንፈራገጠች። አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣትና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ሞቃለች? አንቺ ንገሪኝ።"

"ገና ናት" አልኩት።

የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ደረቱ ላይ ሸጎጣት፤ እኔም አጠገቡ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ።